የቀረው መክሊት



በየወሩ በአምስተኛው ቀን የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት፣ ወደ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው መንገድ ነጠላ በለበሱ ምእመናን ይሞላል። በዚያን ዕለት ከቅጥሩ ውጭ በግራና በቀኝ ተቀምጠው የሚለምኑትን አካል ጉዳተኞች ወገኖቻችንን ሳያይ የሚያልፍ የለም። ብዙዎቻችንም እንደ ዐቅማችን እጃችንን እንዘረጋለን፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እንዲቋረጥም አንሻም። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን ከዚያ ደጅ እንኳ ሳይደርሱ በየቤታችን ጓዳ ስለ ቀሩት ልጆች ነው።

መምህራን እንደ መሆናችን መጠን፣ በየዓመቱ በምዝገባ ወራት ከወላጆች የምንሰማው አንድ ንግግር አለ። ልጆቻቸውን በየዕድሜያቸው ካስመዘገቡ በኋላ ሌላ ልጅ እንዳላቸው ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ አለ፤ ግን እግሩ አይሄድም፤ ተምሮስ ምን ይሆናል?» ይላሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። አባትዬው ልጁን ይወደዋል፤ እናቲቱም ከሌሎቹ አብልጣ ትሳሳለታለች። ይሁን እንጂ ፍቅርና ሥጋት በአንድ ላይ ሲሆኑ ልጁን በር ዘግተው ያስቀምጡታል። ልጁም ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲወጣ መውጫው የተዘጋበት ምክንያት ሳይገባው ያድጋል።

ለዚህ ጥያቄ በባዶ ተግሣጽ መልስ ከመስጠት ይልቅ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን የምንለውን የአንድ ሰው ታሪክ፣ ይልቁንም ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ክፍል ማውሳት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዱን አስነሥተን አበበ ቢቂላ ማን ነው ብለን ብንጠይቀው፣ በሮማ በባዶ እግሩ የሮጠው ጀግና መሆኑን ወዲያው ይነግረናል። ነገር ግን ይኸው ጀግና እግሮቹ ከማይታዘዙለት በኋላ በምን ውድድር ተሰለፈ ብለን ብንጨምር፣ ተማሪው ብቻ ሳይሆን መምህሩም ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። የምንኮራበት ሰው ሕይወት ግማሹ እንደ ተረሳ ከዚህ ይታያል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ በሚገባበት ዕለት በሸዋ ውስጥ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጥሮ ሳለ ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ተሰጥኦውን ተመለከተለት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ በሮማ ከተማ የማራቶንን ርቀት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ አንደኛ ወጣ። ከዚህ ጋር ተያይዞ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ከስምንት ቀን በኋላ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. በዚያችው በሮማ ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚጠጉ ተወዳዳሪዎች በተሽከርካሪ ወንበር፣ ማለት ዛሬ ሕዝቡ ዊልቸር በሚለው ወንበር፣ ተቀምጠው ተሰለፉ። ዛሬ ፓራሊምፒክ ለምንለው ጉባኤ እንደ መጀመሪያ የሚቈጠረው ይህ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው ወታደር ሁለተኛው ውድድር አንድ ቀን የእርሱም ጉዳይ እንደሚሆን ከቶ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ካለፉ በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞበት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ከአምስት ወር በኋላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እስኪነጋም ድረስ በመኪናይቱ ውስጥ ተይዞ አደረ። ዕለቱን በባሕረ ሐሳብ ቈጥረን ስንመለከተው በዚያ ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 5 ቀን ስለ ነበረ፣ አበበ ከመኪናው የወጣበት መጋቢት 14 ቀን የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ ማለት ገብር ኄር ነው። ይህ ሰንበት ቤተ ክርስቲያናችን ስለ መክሊቱ ምሳሌ የምታስተምርበት ነው። ቀኑ እንዲህ ስለ ተገጣጠመ ትንቢት ልናደርገው አንፈልግም፤ ነገር ግን ምሳሌውን ለምናውቅ ሁሉ የሚያሳስበን ነገር አለበት። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ የተወቀሰው ጥቂት ስለ ተሰጠው አይደለም፤ የተሰጠውን ጥቂት ነገር መሬት ቈፍሮ ስለ ቀበረው ነው። አበበም በዚያች ሌሊት ከብዙ መክሊቱ ዋነኛውን አጣ። ጥያቄው ከእንግዲህ በቀረው ምን ያደርጋል የሚል ሆነ።

የደረሰበት ጉዳት በአከርካሪው ላይ ስለ ነበረ በመጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ይህን ስፍራ ማወቅ ለእኛም ለቤተሰብ ይጠቅማልና ጥቂት እንበል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው ለመሞት የተሰናዳ ሰው ተደርጎ ይቈጠር ነበር። የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ስብራቱ ራሱ ሳይሆን ከመተኛት ብዛት በገላው ላይ የሚወጣው ቍስልና በሽንት ቧንቧው የሚገባው ልክፈት ነበር። ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ልዩ ክፍል ሲከፍት፣ ሕመምተኞቹ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ። ሲያገግሙም ሥራና ጨዋታ ሰጣቸው። በሐምሌ 1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሕመምተኞቹን በሆስፒታሉ ሣር ላይ አሰልፎ በቀስት አወዳደራቸው። ቀስትን የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቀስት የሚፈልገው ክንድን፣ ትከሻንና የረጋ ዓይንን ነው፤ እግርን አይጠይቅም።

አበበም በዚህ ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ተቀመጠ። እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ እጆቹ ግን ተመለሱ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው እንደ ጀማሪ ተቈጥሮ፣ ስሙ ከማይታወቅ ሰው ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ቀስት መለማመድ ምን ያህል ትሕትና እንደሚጠይቅ አስቡት። ከድሉ ሁሉ ይህ የሚያንስ አይመስለንም።

በኤፕሪል 1971 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም.፣ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋበዘ። በዚያም እንግዳ ሆኖ መቀመጥን አልመረጠም፤ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከተወዳደረ በኋላ በበረዶ ሜዳ ላይ በተንሸራታች ሠረገላ በተደረገው ውድድር 16 ሆነው ከተሰለፉት መካከል አንደኛ ወጣ። በረዶ ሲባል ክረምት በቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳውን ብቻ በሚያውቅ አገር የተወለደ፣ እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው፣ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ላይ አሸነፈ። ሮቤል ተክለ ማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን በበረዶ ሸርተቴ ተሰልፎ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ከመሆኑ 35 ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት በዚያችው በቱሪን ከተማ፣ በክረምቱ ፓራሊምፒክ ላይ፣ ከርሊንግ የተባለው ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጡ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ጨዋታውን ላላያችሁ እንግለጸው። ከ17 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ እጀታ ያለው፣ ግራናይት የተባለ ክብ ድንጋይ በበረዶ ወለል ላይ ይለቀቃል፤ 30 ሜትር ገደማ ተንሸራትቶ በወዲያኛው ጫፍ በተሣሉት ክቦች መካከል እንዲያርፍ ይደረጋል። የተመረጠው ድንጋይ በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ኤይልሳ ክሬግ ከምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት ይወጣል። በአንድ ወገን አራት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር በሚደረገው የአራት ሰው ጨዋታም ወንዶችና ሴቶች አብረው እንዲሰለፉ ደንቡ ያዛል።

ጤናሞቹ ሲጫወቱ ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ ሁለት ሰዎች ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ እየጠረጉ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ያስተካክላሉ። በወንበር በተቀመጡት ጨዋታ ግን መጥረግ የለም። ተጫዋቹ ከወንበሩ ሆኖ በእጁ ወይም በረዥም ዘንግ ድንጋዩን አንዴ ከለቀቀው የሚያርምለት የለምና ከመልቀቁ በፊት ልኩን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከጤናሞቹ ይልቅ የከበደ ነው የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ አያስደንቅም። ወንበሩ በበረዶ ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ግን አንድ ባልደረባው ከኋላ መጥቶ ወንበሩን አጥብቆ ይይዝለታል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በዚህ ጨዋታ ስሟ ከሚጠራው አንዷ ካናዳዊቷ ሶንያ ጎዴት ናት። በ1997 እ.ኤ.አ. ከፈረስ ላይ ወድቃ አከርካሪዋ ተጐዳ። ከዚያ በኋላ ከርሊንግን ተምራ በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር፣ በ2014 በሶቺ ከጓደኞችዋ ጋር ሦስት ጊዜ የወርቅ ሜዳልያ ወሰደች፤ በሶቺም የአገርዋን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ ሰልፉን መራች። እንደ አበበ ቀድሞ የታወቀች ስፖርተኛ አልነበረችም። አበበ ከታላቅ ስም ወደ አዲስ ሙያ ሲወርድ፣ እርስዋ ስሟን ያገኘችው ከአደጋው በኋላ ነው። ሁለቱም ያደረጉት ግን አንድ ነው፤ የጠፋውን መቍጠር ትተው በቀረው ሠሩ።

ከአገራችን አካል ጉዳተኞችም መካከል ይህን የመሰለ ሥራ የሠሩ አሉ። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ መሰለፍ የጀመረችው በ1968 እ.ኤ.አ. በቴል አቪቭ በተደረገው ጉባኤ ነው። የመጀመሪያውን ሜዳልያ ግን ያገኘችው ከብዙ ዘመን በኋላ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ሲሆን፣ እርሱም ወንድዬ ፍቅሬ ክንዳቸው የተጐዳ ሯጮች በሚሰለፉበት 1500 ሜትር ያመጣው ብር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በሪዮ ታምሩ ደምሴ የዓይን ጉዳት ባለባቸው ሯጮች 1500 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ከ49 ሁለተኛ ወጣ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት በዚያው ሜዳ የኦሊምፒኩ አሸናፊ የፈጸመው በ3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ነበር። የኦሊምፒኩ ሩጫ ዝግ ብሎ የተጀመረ ስለ ነበረ ሁለቱን በሚዛን ማነጻጸር ባይገባም፣ አካል ጉዳተኛ ያለው ችሎታ ሁልጊዜ ከሌላው ያነሰ ነው ለሚል ሰው ይህ ቍጥር በቂ መልስ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በቶኪዮ ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በፓሪስም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ ፈጽሞ ማየት የማይችሉ ሴቶች በሚሮጡበት 1500 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ከ68 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ስትወስድ፣ ይታያል ስለሺ በወንዶቹ ብር አገኘ።

ማየት የማይችል ሯጭ እንዴት እንደሚሮጥ ማወቅ ይገባል። ከጎኑ መሪ ሯጭ ይሰለፋል፤ የሁለቱም እጅ በአንዲት አጭር ገመድ ይያያዛል። መሪው መታጠፊያውን ይነግረዋል፤ የሌሎቹን ሯጮች ሁኔታ ይገልጽለታል፤ እርምጃውን ከእርምጃው ያስተካክላል። ነገር ግን ሊጐትተው አይፈቀድለትም፤ ወደ ፊት ገፍቶ ቢያስኬደው ውድድሩ ይሰረዝበታል። በመጨረሻውም መስመር ላይ መቅደም ያለበት ሯጩ ነው እንጂ መሪው አይደለም።

እንግዲህ በልባችሁ ያዙት ወዳልነው እንመለስ። በበረዶው ላይ ባልደረባው ወንበሩን ይይዛል፤ ድንጋዩን ግን አይወረውርለትም። በመሮጫው ሜዳ መሪው ገመዱን ይይዛል፤ ሯጩን ግን አይጐትትም። በቤተሰባችንም ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያስፈልገው ርዳታ እንዲህ ያለ ነው። ያለ ርዳታ ትቶት መሄድ ጭካኔ ነው፤ ሁሉን ነገር ስለ እርሱ ሆኖ መሥራትም፣ ከርኅራኄ ቢሆንም እንኳ፣ ልጁን ከሥራ ያግደዋል። እናት ለአሥር ዓመት ልጅዋ፣ እጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ እያጐረሰች ብታሳድገው፣ በሃያ ዓመቱ ማን እንደሚያጐርሰው ማሰብ አለባት። እርስዋ ለዘላለም አትኖርምና።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ ልጁን አትሸሽጉት። የልጁ ጉዳት የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት ነው፣ የአባት ወይም የእናት ኀጢአት ፍሬ ነው የሚለው ሐሜት በየሰፈሩ አለ። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ይህን አሳብ እንዳልተቀበለው ወንጌልን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ወደ ጠበል መውሰድም ወደ ሐኪም ከመውሰድ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱንም አድርጉ። ሁለቱንም ካደረጋችሁ በኋላ እግሩ ባይዘረጋ፣ ልጁ እምነት አነሰው ብላችሁ ሸክም አትጨምሩበት።

ሁለተኛ፣ በዕድሜው ከእኩዮቹ ጋር ትምህርት ቤት አስገቡት። በሰፈራችን በመካኒሳ መስማት ለማይችሉ ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ፤ የምልክት ቋንቋ የተማረ ልጅና ከጓዳ ሳይወጣ ያደገ ልጅ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወንበር የሚሄድ ልጅ ሲሆን ክፍሉ በፎቅ ላይ ከተመደበ ለርእሰ መምህሩ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትታክቱ፣ አመልክቱ። ልጁ ወደ ክፍሉ መውጣት ባይችል ክፍሉ ወደ ምድር ቤት መውረድ ይችላል። ይህም ልመና አይደለም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624ም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መዘዋወሪያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር።

ሦስተኛ፣ ገላውን ጠብቁ። ስሜት በሌለው ገላ ላይ የሚወጣ ቍስል ሳይታወቅ ይሰፋል፤ ሕይወትም ያጠፋል። በወንበር የሚቀመጥ ልጅ በየጥቂት ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ ከመቀመጫው ብድግ እንዲል አስለምዱት፤ ከበታቹ ወፍራም ትራስ ይሁን፤ ማታ ማታ የወገቡንና የተረከዙን ቆዳ እዩለት፤ መቅላት ካያችሁ ቦታው እስኪድን ክብደት አይረፍበት። ራሱን መገልበጥ የማይችለውን ሌሊት እየተነሣችሁ አገላብጡት። ወንበሩም በልኩ ይሁን፤ ለትልቅ ሰው የተሠራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕፃን ጀርባው ይጐብጣል።

አራተኛ፣ ሥራ ስጡት። ምስር መልቀም፣ ቡና ማፍላት፣ ለአያት መጽሐፍ ማንበብ፣ ለታናሾቹ ፊደል ማስቈጠር፣ የቤቱን ወጪ በደብተር መያዝ እግርን አይጠይቅም። ሲያጠፋም እንደ ወንድሞቹ ይገሠጽ፤ ከተግሣጽ ነጻ የሆነ ልጅ ከቤተሰቡ ውጭ የተቈጠረ ልጅ ነውና። ወንበሩንም ሳትጠይቁት አትግፉ።

አምስተኛው ለማኅበሮቻችን፣ ለሰንበቴና ለዕድር ነው። በየመንደራችን ያለው ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገድና ክፍት ቦይ በወንበር ለሚሄድ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንድ ቀን ወንበሩን ተከትላችሁ ሂዱና እዩ። የመንገዱን ሥራ ለመንግሥት ብንተው እንኳ የማኅበር ቤታችን ደፍ የእኛ ነው። ለአንድ ደረጃ መወጣጫ የሚሆን ስሚንቶና አሸዋ ከአንድ የማኅበር ድግስ ወጪ አይበልጥም። ልኩም የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጠዋል። ከዚህ ያጠረ ቢሆን ዳገት ይሆንና ወንበሩ ወደ ኋላ ይወድቃል።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የቈየውን ሰው በየዓመቱ እናስበዋለን። ያ ሰው ሐዘኑን ሲናገር በሽታውን አላስቀደመም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ተናገረ። ጣራ ከፍተው ሽባውን በአልጋው ያወረዱት አራት ሰዎች ደግሞ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን የማትችለው ነገር ለአንድ ዕድር ቀላል ነው።

ወደ ሻምበል አበበ እንመለስና ታሪኩን እንፈጽም። ነሐሴ 20 ቀን 1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲከፈት በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሲገኝ፣ በስታዲዮሙ የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ድሉን በእግዚአብሔር ፈቃድ እንዳገኘው ሁሉ አደጋውንም በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለው፣ በሁለቱም ደስ ብሎት መኖር እንደሚገባው ይናገር እንደ ነበር ተመዝግቧል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ መቀበል ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልመሰለውም። ከተቀበለው በኋላ ቀስት አነሣ፤ ከዚያም ወደ በረዶ ወጣ። አራት ዓመት ከሰባት ወር ከወንበር ጋር ከኖረ በኋላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጐሉ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተገኝተው ሸኙት።

«ተምሮስ ምን ይሆናል?» ላለን አባት የምንመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። ምን እንደሚሆን እኛም አንተም አናውቅም፤ ስለ ሌሎቹ ልጆችህም አናውቅም፤ ሆኖም እነርሱን አስመዝግበሃል። ሁሉም ወርቅ አያመጡም፤ ብዙዎቹ ጸሓፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሆናሉ፤ ይህም ይበቃል። የሚጠየቅብህ ልጁ ስንት መክሊት ይዞ እንደ ተወለደ አይደለም፤ የተሰጠውን በጓዳ ቀብረህበት እንደ ሆነ ነው። ምዝገባው ሳያልፍ ነገ ጠዋት ልጁን ይዘኸው ና።

የጻድቁ የአባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።